የሸቤው ልጅ በርጩማ

ቅጠሉ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ሴቶች ለእንጨት ማለስለሻ ከጫካ ለቅመው ዛሬም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው ያመጡልናል፤ እኔም እፍኝ አንስቼ በጣቶቼ መካከል አሸት አሸት ሳላደርገው አልቀበላቸውም። ያን ጊዜ የሚወጣው ሽር ሽር የሚል ድምፅ ሌላውን ሰው ምንም አይለው ይሆናል። እኔን ግን ወዲያው ወስዶ አባቴ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር፣ በርጩማ በጉልበቶቼ መካከል አስይዞ ቁጭ ያደርገኛል። ቀሚሴ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው። ፀሐይ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች ርጥቡ እንጨት ላይ ትወድቃለች፣ ከመስጊዱ በኩል የቁርዓን ቤት ልጆች ጩኸት ይመጣል፣ አባቴ ከወዲያ ግንድ ይጠርባል።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር። በርጩማ ስልህ ገበያውን የሞላውን በምስማር የተመታ ዱካ አስበህ ከሆነ ተሳስተሃል። የጅማ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው የሚወጣው። ጎድጎድ ያለው መቀመጫም፣ ሦስቱ እግሮችም ከዚያው ከአንዱ እንጨት ይፈለፈላሉ እንጂ አንዱ ካንዱ አይቀጠልም። አባቴ ግንዱን መሬት ላይ አንከባሎ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎት ሲያበቃ ጎባጣ መጥረቢያውን ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ቆሞ ማየት ነው። አይለካም፣ በእርሳስ አያሰምርም፤ ሲያልቅ ግን ምንም ወጣ ገባ መሬት ላይ ብታስቀምጠው አይነቃነቅም። ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፣ አሁንም ከባለሙያዎች ጋር ነው የምውለው፤ የእሱን ዓይነት እጅ ግን አላየሁም። ይህን የምልህ ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልጁም ስለሆንኩ ነው።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ልማድ ነበረው። በርጩማውን ይገለብጥና እያንዳንዱን እግር በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ይጥላል። ውስጥ ውስጡን የተሰነጠቀ እግር ድምፁ ይታፈናል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይመልሳል። የታፈነ ከሰማ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ማገዶው ክምር ይወረውረዋል። እናቴ፣ «ሰው የማያየውን ስንጥቅ ማን ይጠይቅሃል?» ትለው ነበር። «እኔ ሰምቼዋለሁ» ነው መልሱ።

ወንድ ልጅ አልወለደም፤ እኔና ታላቅ እህቴ ብቻ ነን። እህቴ የተጠረበውን በርጩማ ደረቅ የቡና ገለባ ውስጥ ትቀብራለች። ርጥብ እንጨት ፀሐይ ካየው ይሰነጠቃል፤ ገለባው ውስጥ ከሆነ ግን ላቡን ቀስ እያለ ይጥላል። ከገለባው ሲወጣ ደግሞ የእኔ ተራ ነው፤ በዚያ ሻካራ ቅጠል እስኪለሰልስ አሸዋለሁ። መጥረቢያው ግን ለእኛ አልተፈቀደም። ጎረቤቶች ሲመጡ፣ «እንግዲህ ይህ ሙያ ካንተ ጋር መቀበሩ ነው?» ይሉታል። አባቴ ይስቃል፤ እነሱ ሲሄዱ ግን መጥረቢያውን ቶሎ አያነሳም። እኔ ደግሞ ከኋላው ሆኜ እናደዳለሁ፤ ሁለት ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ «ካንተ ጋር መቀበሩ ነው» ይባላል?

የሸቤው ልጅ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከጅማ ወረድ ብላ ካለችው ሸቤ መጥቶ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ቤት የሚሠራ አናጢ ነበር። ሶፋ፣ አልጋ፣ የኮምፔንሳቶ ቁም ሣጥን ይሠራሉ። መጀመሪያ የመጣው አሠሪው ለሱቁ ማሳመሪያ የሚሆን በርጩማ እንዲያመጣ ልኮት ነው። ሁለተኛ ሲመጣ ማን እንደላከው አልተናገረም። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ነቃሁበት፤ ዓይኑ በርጩማው ላይ ሳይሆን ገለባው ክምር ዘንድ ካለችው ልጅ ላይ ነበር። እህቴም ያን ቀን አንዱን በርጩማ ቀብራ አውጥታ፣ አውጥታ ደግሞ ቀበረችው።

ሽማግሌዎች ሲላኩ አባቴ እንቢም እሺም አላለም። በእናቴ ቤተሰብ ዘንድ አንድ ወግ አለ፤ የእናቴ አባትም ጠራቢ ስለነበር አባቴን በዚሁ ፈትኖታል። ልጅ የሚጠይቅ ሰው በገዛ እጁ በጠረበው በርጩማ ላይ የልጅቱን አባት ያስቀምጣል። አባትየው ክረምቱንና በጋውን ይቀመጥበታል። በርጩማው ከተሰነጠቀ ወይም ከተነቃነቀ ነገሩ ቀረ። አባቴም ለሽማግሌዎቹ፣ «ሶፋውን አይቻለሁ፤ ጎበዝ ነው። አሁን ደግሞ በእኛ እንጨት ያስቀምጠኝ» ብሎ ሸኛቸው።

እህቴ የዚያን ቀን አልቅሳለች። ልጁ መጥረቢያ ይዞ አያውቅማ! በመጋዝና በመላጊያ ያደገ ሰው ነው።

እሱ ግን አልሸሸም። ሸቤ ወርዶ አባቱን ለመነ። አባቱም ለቡናው ጥላ ከሆኑት ዋንዛዎች አንዱን ቆረጠለትና፣ «ሌላ አልቆርጥልህም፤ ቡናዬን ፀሐይ ይመታዋል» አለው። ግንዱ በአይሱዙ፣ በቡና ጆንያ መሃል ተጋድሞ መጣ። እንግዲህ ያለችው ያቺው አንድ ግንድ ናት፤ ከተበላሸች ሠርግም የለ።

ሱቁ ሲዘጋ በባጃጅ እየመጣ እኛ ግቢ ይጠርባል። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደግሞ ቋጠረ። አባቴ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያየዋል እንጂ አይነካለትም፤ ወጉ አይፈቅድም። ቢበዛ፣ «ሱታ! ሱታ!» ይለዋል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። «እንጨቱ አይሸሽህም።» አንድ ምክር ብቻ ሰጥቶታል፤ «መቀመጫውን ጎድጉደህ ጨርስ፤ እግሮቹ የመጨረሻ ናቸው።» አንድ ቀን ደግሞ ልጁ ከሄደ በኋላ ለእናቴ፣ «እጁ እንጨቱን ይጠይቀዋል። ይኸ የሚማሩት ነገር አይደለም» ሲላት ሰማሁት። እሷም፣ «ታዲያ ለእሱ አትነግረውም?» አለችው። «ይጨርስ» አላት።

ከዚያ አባቴ ለለቅሶ አጋሮ ሄደ፤ የአጎቱ ልጅ ሞቶበት ነው። ልጁም ብቻውን ሲሆን የአናጢነቱ አመል መጣበት። አናጢ ጠረጴዛን ከእግሩ ነው የሚጀምረው። መቀመጫውን በግማሽ ትቶ እግሮቹን ማቅጠን ጀመረ፤ ወዲያው መልክ መልክ ያዘለት። እህቴ ቆማ፣ «እንዴት ያምራል!» ትላለች። ኋላ ተመልሶ መቀመጫውን ሊጎደጉድ መጥረቢያውን ሲያሳርፍ፣ የቀጠኑት እግሮች ያንን ምት የሚችሉበት አቅም ከየት ያምጡ? አንደኛው ከሥሩ ጧ ብሎ ሄደ።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጁ የተሰበረውን እግር በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ፊቱን ብታየው ሰው የሞተበት ይመስላል። እህቴ ናት ቀድማ የተነፈሰችው። «ኮላ የለህም እንዴ?» አለችው። «ኮላ?» አላት፣ ስድብ እንደሰማ ሰው። «ለአባትሽ በርጩማ ኮላ?» እሷም፣ «ታዲያ ወደ ሸቤ ትመለስልኝ?» አለችው።

ከመርካቶ ኮላ አመጣ። ገጠመው፣ በገመድ አሠረው፣ ስፌቱን በራሱ በእንጨቱ ሰጋቱራ ደፈነው። አናጢነቱ ያን ቀን ታየኝ፤ ስብራቱ ፀጉር የማያስገባ ሆኖ ነው የተገጠመው። መቀመጫውንም እግሩን ሳያስቆጣ በመሮ ብቻ፣ ትንሽ በትንሽ እየቧጠጠ ጨረሰው። ከገለባው ሲወጣ እኔ በቅጠሌ አሸሁት፤ ስጨርስ ስብራቱን ዓይን አያገኘውም ነበር። የጣቴ ጫፍ ብቻ ታገኘዋለች።

የመቀመጫው ቀን ከጁምዓ ሶላት መልስ ነበር። ሽማግሌዎቹ በግቢው ዙሪያ ተደርድረዋል። ልጁ በርጩማውን አቅርቦ እጁን አጣምሮ ቆመ። አባቴ ገለበጠው። አንደኛውን እግር ኳ ኳ፤ ጥርት አለ። ሁለተኛውን፤ ጥርት አለ። ወደ ሦስተኛው እጁን ሲዘረጋ የእህቴ ጥፍሮች ክንዴ ውስጥ ገቡ። መታው? አልመታው? እኔ እንጃ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት አንዱ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ተቀመጥበትና ዱዓችንን እናድርግ!» ብለው ጮኹ። አባቴም በርጩማውን አቆመውና ተቀመጠበት። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለ። «አልሃምዱሊላህ» አለ። «ይዞኛል።»

እኔና እህቴ ማታውን እነዚያን ሽማግሌ ስንመርቃቸው አመሸን።

ክረምቱ ገባ። አባቴ በዚያ በርጩማ ላይ በር ዘንድ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል፣ ይበላል፣ ይሠራል። እኛ እሱ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር፤ ያንን በርጩማ እንዳሸው ወይም ቅቤ እንድቀባው አይፈቅድልኝም። «ተይው ኢንተላ ኮ» ይለኛል፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ይህን እኔ ነኝ የምቀባው።»

በዚያው ክረምት አባቴ መርካቶ ወርዶ ልጁ የሚሠራበት ሱቅ ገባ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ አውርቶታል። ዕድሜውን ሙሉ አናጢዎችን «የምስማር ሰዎች» እያለ ሲቀልድባቸው የኖረ ሰው ሶፋዎቹ መሃል ተቀምጦ፣ «እናንተ ሁለት እንጨት ያለ ምስማር እንዴት ነው የምታያይዙት? አሳየኝ እስቲ» አለው። ልጁ ደነገጠ። «አባ፣ ለእርስዎ እኔ ላሳይ?» አለ። «ለማን ልታሳይ ነበር?» አለው አባቴ። ልጁም ከሁለት በኩል ሰፋ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ቁራጭ ሠርቶ፣ ቁራጩ ሁለቱን እንጨት እንዴት አንቆ እንደሚይዛቸው አሳየው። አባቴ አገላብጦ አየው። እየተመላለሰም ጠየቀው። እኛ ነገሩን በሌላ ተረጎምነው፤ የወደፊት አማቹን ሙያ አክብሮ፣ ልጁ አንገቱን እንዳይደፋ ብሎ ነው አልን። እኔ ያን ጊዜም አደነቅሁት። ሽበት ይዞ «አሳየኝ» ማለት ለጠራቢ ቀላል አይደለም።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በርጩማው ለጥቂት ቀናት ከበሩ ጠፋ። እህቴ አበደች። አባቴ፣ «ጎረቤት ለቅሶ ቤት መቀመጫ አንሷቸው አውሼ ነው» አለ። ተመልሶ መጣ፤ ታቹ በጥላሸትና በቅቤ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። በጋው አለፈ። በርጩማው አልተሰነጠቀም፣ አልተነቃነቀም። የቡናው ገንዘብ ከሰው እጅ ሳያልቅ ተሠረገ።

ከሠርጉ በኋላ አማቻችን መርካቶን ትቶ ከአባቴ ጋር ሠራ። ዛሬ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ወርክሾፓችን የዚያ አብሮ መሥራት ፍሬ ነው። አባቴ ሙሉ ግንድን ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት ባለ ሦስት እግር አግዳሚ ያደርገው ነበር፤ አማቻችን ደግሞ የበርጩማውን እግር ቅርፅ ወስዶ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ሥር ያቆመው ነበር። ስልካቸው ላይ ፎቶ ይዘው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዲዛይነሮች፣ «ይኼን ማን ነው ያሰበው?» ይሉ ነበር። አባቴ ወደ አማቻችን፣ አማቻችን ወደ አባቴ ይጠቁማል። አባቴ መጥረቢያውንም በመጨረሻ ለሴት ፈቀደ፤ ዛሬ ሁለት ልጃገረዶች ይጠርባሉ፤ አንደኛዋን አባቴ ራሱ፣ «ሱታ! ሱታ!» እያለ አስተምሯታል። ለእኔ ሲደርስ ለምን ቆየ ብዬ አሁንም ትንሽ ይከነክነኛል።

አማቻችን ግን ያ ኮላ ሆዱ ውስጥ ነበር። ስንት ጊዜ፣ «አባ፣ ያ በርጩማ…» ብሎ ጀመረ። አባቴ አያስጨርሰውም። «ተቀምጬበት የለ እንዴ? ይዞኛል» ይለዋል፤ ወሬውም ወደ ሌላ ይሄዳል። አማቻችንም በዚያ በርጩማ ላይ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ቤት ሰው ሞልቶ እንኳ ቢሆን ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል።

አባቴ ባለፈው ክረምት ሞተ። በርጩማው በር ዘንድ እንደነበረ ቀረ፤ ማንም አላነሳውም።

ዒድ ሲደርስ ቤቱን ሳጸዳ ነው ያነሳሁት። አቧራ ለብሶ ሳየው አላስችል አለኝና አቮካዶው ሥር ወስጄ ገለበጥኩት። ቅጠሌን አመጣሁ። አሁን የሚከለክለኝ የለም። ጥላሸቱን ቀስ እያልኩ አሸሁት፤ ጣቴም የለመደችውን ስፌት ፍለጋ ሄደች። ስፌቱ የለም። በምትኩ ሌላ ነገር ነካች። አሸሁት፣ ደግሜ አሸሁት። ከጥቁሩ ሥር ቀላ ያለ እንጨት ወጣ፤ ወይራ ነው። ከሁለት በኩል ሰፋ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ቁራጭ፣ ከእግሩ ወደ መቀመጫው አልፎ ሁለቱን አንቆ ይዟል። ኮላው ተፍቆ ወጥቷል። ጠርዙ ትንሽ ጎርበጥ ይላል፤ የለመደ አናጢ እጅ አይደለም። አይለካ የነበረ ሰው ግን እዚህ ላይ የእርሳስ መስመር ትቷል።

ስጣራ አማቻችን ከእህቴ ጋር መጣ። ተንበርክኮ አየው። አውራ ጣቱን በመስመሩ ላይ አሳለፈ። «ይኼ እኔ ያሳየሁት ነው» አለ። እህቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

እናቴ እደጁ ላይ ተቀምጣ ለሾርባ ምስር ትለቅማለች። «ማል?» አለች፣ ምን ሆናችሁ ማለቷ ነው። ነገርናት። እሷ ቀና እንኳ አላለችም።

«እሱን ለመለማመድ ያበላሸውን ቁራጭ ሁሉ ምድጃ የከተትኩት እኔ አይደለሁ?» አለች። «ወላሂ ያን ክረምት ማገዶ አልገዛሁም።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ሰምቶት ነበር?» አላት አማቻችን።

«ሰምቶት ነበር እንጂ። ሲመታው የሚሰማው የእሱ ጆሮ አይደለም እንዴ?»

«ለምን አልነገረኝም? እኔ ልነግረው ስንት ጊዜ…»

እናቴ ምስሩን አንገዋለለች። «ቢነግርህ አፍረህ ትቀር ነበር» አለችው። «አንተ ከቀረህ ደግሞ በማን ላይ ሱታ ሱታ እያለ ሊጮህ ኖሯል?»

አማቻችን በርጩማውን በእጁ አቅፎ ተነሳ፤ ወስዶም በር ዘንድ፣ አባቴ በሚያስቀምጠው ቦታ አቆመው። ጫማውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ አልገባኝም። ከዚያ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እየፈራ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠበት። ትንሽ ወደ ግራ አለ። ትንሽ ወደ ቀኝ አለ።

«አባ» አለ፣ ግቢው ውስጥ ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ። «ይዞኛል።»